ነፋስ አመጣሽ

ጥር ከገባ ወዲህ አቃቂ ውስጥ መስኮት ከፍቶ የሚውል ሰው የለም። ቤቴ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፤ ቢሆንም ጠዋት የተወለወለው የመስኮት ደፍ ከሰዓት በኋላ ቀልቶ ይጠብቀኛል። ባለፈው ሰሞን ጣቴን አስኬድኩበትና ጣቴ ላይ የቀረውን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ በርበሬ የላመ ቀይ ብናኝ አለ። ወደ ጥቁር የሚያደላ ግራጫ አለ። መሐል መሐል ደግሞ የጤፍ እብቅ፣ ትንፋሽ ሲነካው የሚበር ቀጭን ቢጫ ቅርፊት። የሦስቱንም አገር አውቃለሁ። ቀዩ፣ ቀይ አሽ ጭኖ ከሚያልፈው ገልባጭ መኪና ነው። ግራጫው ከዋልካው ነው። እብቁ ኮንዶሚኒየም ገና ካልደረሰበት ከከተማው ጠርዝ፣ ከአውድማ። አንድ ነፋስ ሦስቱንም አንስቶ እኔ መስኮት ላይ አሳረፋቸው።

ስለ ውሃ ሥራ ሁላችንም እናወራለን። ወንዝ ሸለቆ ቆፈረ፣ ጎርፍ ማሳ ጠረገ፣ ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ነፋስን ግን እንደ ሠራተኛ አንቆጥረውም። ቋንቋችንም ቢሆን ለነፋስ ያለው ክብር ትንሽ ነው። ወዳጆች ሲኳረፉ «በመካከላቸው ነፋስ ገባ» ይባላል። ያልደከሙበት ትርፍ «ነፋስ አመጣሽ» ነው፤ ግብር ሰብሳቢውም በዚሁ ስም ታክስ ጥሎበታል። ከእኛ ጎን ያለው ሰፈር ነፋስ ስልክ የተባለው፣ ያለ ሽቦ የሚያነጋግረውን መሣሪያ ሕዝቡ በዚያ ስም ስለጠራው ነው፤ ሽቦ ከሌለው መልእክቱን የሚወስደው ነፋስ መሆን አለበት። ደቡብ ጎንደር ላይ ጋይንት ውስጥ ደግሞ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለች። ለምን እንዲህ እንደተባለች ለመረዳት አንድ የጥቅምት ሌሊት እዚያ ማደር ይበቃል።

ቀዩ አቧራ የሚመጣው ከቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው የሚያስበው የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን ወይም ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበትን የክፍያ ጣቢያ ነው፤ ኮረብታውን የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህ አካባቢ ያሉት ቀያይ ኮረብታዎች እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው። ጋዝ የሞላበት የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ተረጨ፤ በአየር ላይ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ተመልሶ ወደቀ። በውስጡ ያለው ብረት ገና ትኩስ ሳለ አየር አገኘውና ዛገ። ቀይ አሽ የምንለው ይህንኑ ነው። እዚህም ላይ ነፋስ እጁን አስገብቷል። እንዲህ ያሉ ኮረብታዎች ብዙ ጊዜ ክብነታቸውን ጠብቀው አይቀሩም። ፍንጣሪው አየር ላይ ሳለ ነፋስ ስለሚገፋው፣ ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ያለው ክምር ይበዛል። ከእነዚህ ኮረብታዎች አንዱን ስታዩ ጎኑ ለምን እንዳዘነበለ አስቡ፤ ምናልባት ያን ዕለት የነፈሰው ነፋስ ትቶት የሄደው ምልክት ይሆናል።

ከኮረብታው በታች ያለው ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ክንዴን እስከ ክርኔ ያስገባሁበት ስንጥቅ አለ። ይህ አፈር ነፋስ አመጣሽ አይደለም፤ ከራሱ ጥቁር ድንጋይ፣ እዚሁ በቆመበት የበሰበሰ የአገሩ ልጅ ነው። ጤፍ ይወደዋል፤ ቤት ይጠላዋል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ዋልካውን አስቆፍሮ ያስወጣና በቦታው ቀይ አሽ ያስሞላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኮረብታው በገልባጭ እየተጫነ በየቤታችን ሥር ገባ። ሹፌሮቹ ጭነታቸውን ሸራ ቢያለብሱት የአቃቂ እናቶች ግማሽ ድካም ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ቱሉ ዲምቱ ልሂድ። ባሌ ውስጥ፣ ከሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ስሙ ይኸው ነው፤ ቀይ ኮረብታ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቦታዎች፤ አንዱ የታክሲ ተራ ያለው፣ ሌላው ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት። የባሌው በአንድ ወቅት በረዶ ለብሶ ነበር። ከተራራ ጫፍ ላይ ጠዋት ታይቶ ረፋድ ላይ የሚቀልጠውን አመዳይ ማለቴ አይደለም፤ ክረምት ከበጋ የማይጠፋ፣ በክብደቱ የሚንሸራተት፣ ድንጋይ እየፈጨ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ግግር በረዶ ነው። ይበልጥ የሰፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ሳነቴ ላይ ዛሬም የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ትልልቅ ድንጋዮች ቁልቁለቱን ይዘው በረድፍ ተደርድረዋል፣ በረድፎቹ መሐል ደግሞ ሣር አለ። ሲያዩት የግዙፍ ገበሬ ትልም ይመስላል። ያረሰው ውርጭ ነው። መሬቱ እየረጋ እየቀለጠ፣ በዘመን ብዛት ድንጋዩን ለብቻ አፈሩን ለብቻ ለየው። ዛሬ በዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ብርድ የለም።

በዚያ ብርድ መሐል ሰው ነበረ። ፊንጫ ሀበራ በተባለው የባሌ ዋሻ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል። መሣሪያቸውን የሠሩት ከባልጩት ነው፤ ባልጩቱንም ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ከበረዶው ዳርቻ ወጥተው አምጥተዋል። ባልጩት ስንል ለአቃቂ ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በላይኛው አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ሁለተኛው ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጥቁሩ መስታወት ድንጋይ ነው። የእኛም የአቃቂ ወንዝ መጨረሻው አዋሽ ነው።

የበረዶ ዘመን ሲባል ሰው የሚታየው ነጭ ነገር ነው። ለእኛ አገር ግን ያ ዘመን በተለይ ወደ መጨረሻው ከነጭነቱ ይልቅ አመድማነቱ ይበዛ ነበር፤ ድርቅ ነበር። ከ26 ሺህ እስከ 19 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰሜን አሜሪካንና ሰሜን አውሮፓን የተጫነው በረዶ ውሃውን ከባሕር ወስዶ፣ የዓለምን ባሕር ወለል በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጎት ነበር። የቀዘቀዘ ባሕር ብዙ አይተንም። ትነት ሲያንስ ዝናብ ያንሳል፤ ዝናብ ሲያንስ ሣሩ ይሳሳል፤ ሣሩ ሲሳሳ አፈሩን የሚይዘው ሥር የለም። በዋልታና በምድር ወገብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም ስለሰፋ፣ በብዙ የዓለም ክፍል ነፋሱ ራሱ በርትቷል። ልቅ አፈርና ብርቱ ነፋስ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አውድማ መሄድ ነው።

ሄድኩ። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ሕንፃዎቹ ከሚያልቁበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሁለት ጥማድ በሬ የሚያበራዩበት አውድማ አገኘሁ። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ልስልስ ብሏል። ጠዋት ነበርና ነፋስ የለም። አንድ ሽማግሌ መንሹን ደግፈው አቁመው ቁጭ ብለዋል።

«አባቴ፣ ለምን አያዘሩም?» አልኳቸው።

«በምን ላዝራው? ነፋሱ ገና አልመጣም። ከሰዓት ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ቡና እንጠጣ።»

መጣ። መጀመሪያ የገለባው ክምር ጫፍ ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ የሽማግሌው ጋቢ ጠርዝ። ተነሡና በመንሽ ገለባውን ወደ ላይ ወረወሩት፤ ገለባው ሲያልቅ ላይዳውን አነሡ። እኔ ፎቶ ላነሳ ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር።

«ልጄ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁም። እብቁ ዓይንህ ይገባል።»

ዞሬ ከጀርባቸው ቆምኩና አየሁ። ምርቱ ቀጥ ብሎ እግራቸው ሥር ወረደ። ግርዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ወደቀ። እብቁ ከዚያ ወዲያ፣ እንደ ጅራት ተዘርግቶ ተነጠፈ። ከእብቁም የቀለለው ትቢያ ግን አልወደቀም፤ ተነሥቶ ወደ ከተማው፣ ወደ እኔ መስኮት ሄደ። አንድ ላይዳ እህል፣ አራት ቦታ።

ነፋስ በዚያ ደረቅ ዘመን በመላው ምድር ላይ የሠራው ይህንኑ ነው፤ አውድማው አህጉር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ጠጠሩን ማንሳት ስለማይችል ባለበት ይተወዋል። አሸዋውን ያነሣዋል እንጂ ከፍ አያደርገውም፤ አሸዋ እንደ አንበጣ እየዘለለ፣ ሲወድቅ ሌላውን ፍሬ እየመታና እያስፈነጠረ፣ ከጉልበት ብዙም ሳያልፍ ይጓዛል። ዱቄት የመሰለው አፈር በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ከዚያ የላመው ውቅያኖስ ይሻገራል። ራልፍ ባግኖልድ የሚባል እንግሊዛዊ የጦር መኮንን በሊቢያ በረሃ በመኪና ሲዞር የአሸዋው አካሄድ አላስተኛ ብሎት፣ አገሩ ሲመለስ ነፋስ የሚነፋበት ሣጥን ሠርቶ ለካው፤ መጽሐፉን በ1941 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን የሚነዳው አሸዋ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መሬትን የሚቀርጸው ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው ለስላሳ ነፋስ ሳይሆን የጥቂት ቀን ኃይለኛ ነፋስ ነው።

ዱቄት የመሰለው አፈር የወደቀበትን ማየት የሚፈልግ ወደ ቻይና ይመልከት። በሰሜን ቻይና ነፋስ ያመጣው ቢጫ አፈር በአንዳንድ ቦታ እስከ 300 ሜትር ውፍረት ተከምሯል። ቢጫው ወንዝ ስሙንም ቀለሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። አፈሩ ለም ነው፤ ልል ቢሆንም ሲቆርጡት ቀጥ ብሎ ይቆማልና ሕዝቡ በገደሉ ውስጥ ቤት እየፈለፈለ ይኖርበታል። በ1556 እ.ኤ.አ. ምድር ሲናወጥ እነዚያ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተደረመሱ፤ በታሪክ ከተመዘገቡት የመሬት መንቀጥቀጦች ሁሉ ብዙ ሰው የሞተበት ያ ነው። ዩክሬን የዓለም የስንዴ ጎተራ የሆነችበት ጥቁር አፈርም የተኛው በአብዛኛው ነፋስ ባመጣው አፈር ላይ ነው። ነፋስ አመጣሽ ብለን የናቅነው ነገር ስንት ሕዝብ እንደሚቀልብ ሳስብ ቃሉን እንደገና ማክበር ያምረኛል።

ቅርባችንን እንይ። በደረቁ ዘመን የሰሃራ የአሸዋ ክምር ዛሬ ካለበት ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቶ ነበር። ከመተማ ወዲያ፣ ሱዳን ኮርዶፋን ውስጥ፣ ቆዝ የሚሉት ሰፊ የአሸዋ አገር አለ። ያ አሸዋ በዚያን ጊዜ የሚሄድ ክምር ነበር። ዝናብ ሲመለስ ሣር በቀለበት፤ ግራር በቀለበት፤ ሥሩ ያዘውና ቆመ። ዛሬ ከዚያ ግራር ሙጫ ይለቀማል፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ፣ መድኃኒት ውስጥ፣ ቀለም ውስጥ ይገባል። ክምሩ ግን አልሞተም። ግራሩ የተቆረጠበት፣ ከብት ሣሩን የጨረሰበት ቦታ ላይ እንደገና ይነቃል።

የላመው ትቢያስ የት ደረሰ? ደቡብ ዋልታ ደረሰ። አንታርክቲካ ላይ እስከ 800 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው በረዶ ተቆፍሮ ወጥቷል። በየንብርብሩ ያለው አቧራ ሲቆጠር በበረዶ ዘመን የወደቀው፣ እንደኛ ባለው ሞቃት ዘመን ከወደቀው 25 እጥፍ ገደማ ነው። ብዙው ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከፓታጎንያ የተነሣ ነው። የኔ የመስኮት ደፍ የአንድ ቀን መዝገብ ነው፤ የአንታርክቲካው ደፍ የ800 ሺህ ዓመት።

ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ታና ነው። የሐይቁን ወለል የቆፈሩ ሰዎች ከለስላሳው ደለል በታች የጠጠረ፣ የደረቀ ጭቃ አገኙ፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የደንገል ብስባሽ። ታና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ገዳም የተሠራባቸው ደሴቶች ያሉበት ስፋት፣ ሜዳ ነበር። ደሴቶቹም ደሴት አልነበሩም፤ ኮረብታ ነበሩ። ከታና የሚወጣ ዓባይ አልነበረም። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ስለነበር ነጩ ዓባይም ያን ምንጩን አጥቶ ነበር። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው ረግረግ ነው፤ በረግረጉ ላይ ደንገል በቀለ። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ሞልቶ ዓባይን እንደገና ለቀቀው። ዛሬ የባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን የሚያስረው ከዚያው ከደንገል ነው።

ወደ ደቡብ ዝቅ ስንል ደግሞ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ዝናቡ ሲመለስ አንድ ሐይቅ ሆነው ሞልተው፣ ተርፈው፣ ወደ አዋሽ ፈሰሱ። ከዚያ ተመልሰው ጎደሉና አራት ሆኑ። አዳሚ ቱሉ አካባቢ ነጭ፣ እንደ ጠመኔ ቀላል ድንጋይ ይቆፈራል፤ ያ በጥንቱ ሐይቅ የኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ቅርፊት ነው። ተመሳሳዩ ድንጋይ ቻድ ውስጥ፣ ቦዴሌ በሚባለው የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ፣ የሚሸፍነው ነገር የለም። ሁለት ተራራዎች መሐል የሚሾልክ ነፋስ ይልሰውና አትላንቲክን አሻግሮ የአማዞን ጫካ ላይ ያወርደዋል። የእኛው በአፈርና በሣር ሥር ተኝቷል። አቢጃታ ግን በዓይናችን እያየን ሸሽቷል፤ ትቶት የሄደው ነጭ ዳርቻ በበጋ ከሰዓት በኋላ ሲጨስ ያየ ሰው ነፋሱ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይገባዋል።

ነፋሱ እንደሆነ ያው ነው። ስምጥ ሸለቆውን ይዞ የሚነፍሰው የበጋ ነፋስ አዳማ ላይ ከመቶ በላይ ማማዎችን ያዞራል፤ ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች በ51 እና በ153 ሜጋ ዋት አቅም የተተከሉ ናቸው። እዚህ አቃቂ ደግሞ በኳስ ሜዳው ላይ እኩለ ቀን ሲሆን አቧራውን ጠቅልሎ እንደ ምሰሶ ያቆመዋል፤ ልጆች «ጋኔን! ጋኔን!» እያሉ ይሸሹታል፣ ደፋሩ መሐሉ ይገባል። የጋለ መሬት የለቀቀው አየር ነው። የሚያነሣው የተረገጠውን ሜዳ ብቻ ነው፤ ሣር ካለበት ዳርቻ ሲደርስ አቧራ አጥቶ ይጠፋል። ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ምሰሶው ሣሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ይቆረጣል።

መስከረም ላይ ከሰፈሬ ጉብታ ዝቋላን ሳያት በእጅ የምትነካ ትመስለኛለች። የየረር ተራራም ዛፉ ይቆጠራል። ጥር ላይ ዝቋላ ትደበዝዛለች፤ የካቲት ላይ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለችም። የሚደብቃት ጉም አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ሣርና ጭቃ ይዞት የነበረ አፈር ነው፣ ተነሥቶ የቆመው። የዋልካው ስንጥቅም ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ስንጥቅ አየሁት፤ ግድግዳው ላይ ቀይ ብናኝ፣ የተሰባበረ እብቅ፣ የደረቀ ቅጠል ተለጥፏል። ነፋስ ያመጣውን ዋልካው ይውጠዋል፤ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲመጣ ያብጥና ይዘጋበታል። በዓመቱ ደግሞ ራሱን ገልብጦ ሌላ ያወጣል።

ሽማግሌው ምርቱን ጆንያ ውስጥ ሲከቱ መሬቱ እንደተለካ ነገሩኝ። «የከርሞው አዝመራ የመጨረሻ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ችካሉ ከአውድማው ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ከችካሉ አጠገብ ደግሞ የመጀመሪያው የቀይ አሽ ክምር ተገልብጧል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ደቡብ ጠርዝ የምትኖሩ፣ ልጆች ያሏችሁ፣ ጥር ሳይወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይዛችኋቸው ሂዱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ነፋሱ በዚያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ገበሬውን ሰላም በሉ፤ ፈቃድ ጠይቁ። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ።